ሥዕልን በመኖሪያ ቤት መሰብሰብና መስቀል፦ የአዲስ አበባ ልምድ

ሥዕል ገዝቶ ወይም ከሠዓሊው በስጦታ ተቀብሎ በሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀልና ለልጅ ማቆየት በአዲስ አበባ የመቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። ከዚያ በፊት የሥዕል ቦታው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ የብራና መጽሐፍና የእንጨት ገበታ ነበር። ወደ ቤት ቢገባም በአብዛኛው ለጸሎት ነው።

ሥዕለ አድኅኖ ዛሬም ከጌጥ ሥዕል ጋር አይደባለቅም። በኦርቶዶክሳውያን ቤት ንጹሕ ስፍራ ተመርጦለት፣ ብዙ ጊዜ በስተምሥራቅ በኩል፣ መጋረጃ ተደርጎለት ይቀመጣል። ስለዚህ የቤቱ ግድግዳዎች ሲደለደሉ በቅድሚያ የሚለየው የእርሱ ቦታ ነው። ጧፍና ሻማ የሚበራው ከሥዕሉ ሥር ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቢሆን መልካም ነው፤ ጥላሸቱ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ የሥዕሉን የታችኛውን ጠርዝ ያጠቁራል፣ መጋረጃውም እሳት ሊይዘው ይችላል።

ለገበያ የተሣሉ ሥዕሎች

በዚህ ዘርፍ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው በላቸው ይመር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ለሚገዛ ሰው በመሣል የመጀመሪያው እርሱ እንደሆነ ይነገራል፤ ቢያንስ ከፋና ወጊዎቹ አንዱ መሆኑ አያከራክርም። እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች የቤተ ክርስቲያንን አሣሣል ይዘው ርእሱን አሰፉት፦ የዐድዋ ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ግብር፣ ችሎት፣ አደን። በዐድዋው ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ከላይ ይታያል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት ግን በአንድ ጎን ፊት ይሣላል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች የሚቀርብ ሲሆን 44 ክፍል ያለው የተለመደ ነው፤ ከየክፍሉ ሥር በአማርኛ ማብራሪያ ይጻፋል።

እነዚህ ሥዕሎች የተሠሩት በአብዛኛው በአቡጀዲ ላይ ነው። ጨርቁ ሳይወጠር ተጠቅልሎ ይሸጥ ስለነበር ለመንገደኛ ምቹ ሆነ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ዲፕሎማቶችና ጎብኚዎች ስለነበሩም ከምርጦቹ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛል። በአገር ውስጥ ሊታዩ የሚገባቸው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስብስቦች ናቸው። ፖላንዳዊው ተመራማሪ ስታኒስላው ሆይናትስኪ በትዕግሥት ያሰባሰባቸውና በስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት የሚገኙት ሥዕሎች፣ የቤት ሰብሳቢ ዓይኑን የሚያሠለጥንባቸው ከሁሉ የተሻሉ መምህራን ናቸው።

በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከከፈተ በኋላ የቤት ስብስብ መልኩ ተለወጠ። ከአቡጀዲ ወደ ተወጠረ ሸራ፣ ከታወቀ ታሪክ ወደ ሠዓሊው የግል እይታ ተሻገረ። ዛሬ በአለ ስም የሚጠራው ይህ አንጋፋ ትምህርት ቤት ያላስተማረው ወይም ያልተማረበት የታወቀ የአገራችን ሠዓሊ ጥቂት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በዚያ አስተምረዋል። እስክንድር በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በማስተማሩ፣ የእርሱና የተማሪዎቹ ሥራዎች በዚያው አካባቢ ወዳሉ ኢትዮጵያውያን ቤቶችም ገብተዋል። አፈወርቅ ተክሌ በአሮጌው ኤርፖርት አካባቢ የሠራው ቪላ አልፋ ደግሞ መኖሪያ፣ ስቱዲዮና ማሳያ በአንድ ጣሪያ ሥር ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ ያሳየ ቤት ነው። በደርግ ዘመን ትልቁ ሥራ ሰጪ መንግሥት ሆነ፤ ፖስተርም በዛ።

በቤት ውስጥ አሰቃቀል

የሙዚየሞች ልማድ የሥዕሉን መካከለኛ ነጥብ ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ማዋል ነው። ይህ ለቆመ ተመልካች የታሰበ ልክ ነው። በእኛ ሳሎን እንግዳ ተቀምጦ ስለሚቆይ 135 እስከ 140 ይበቃል፤ ከሶፋ በላይ ሲሰቀል ግን ከመደገፊያው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ አለዚያ የሰው ጭንቅላት ቅባት ከጊዜ በኋላ ሸራው ላይ ይታያል። የሚስማሩ ቦታ እንዲህ ይሰላል፦ ቁመቱ 80 የሆነ ሥዕል መካከሉ 140 ላይ እንዲውል ከተፈለገ የላይኛው ጠርዝ 180 ይሆናል። ከጀርባው ያለው ሽቦ ወደ ላይ ሲሳብ ከጠርዙ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ፣ ሚስማሩ 170 ላይ ይመታል። ሽቦው ሳይሳብ የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ይሰቅላል።

የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ነው። ተራ ሚስማር የሚይዘው ልስኑን ብቻ ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ በስቶ ረዘም ያለ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ማስገባት፣ ለከባድ ሥዕል ደግሞ አራርቆ ሁለት መስቀያ ማድረግ ይሻላል። በጭቃ ቤት ግን ጭቃው ምንም አይሸከምም። ግድግዳውን እያንኳኩ ቋሚ እንጨቱን መፈለግ፣ ወይም ከኮርኒሱ ሥር ከቋሚ እስከ ቋሚ ጣውላ መትቶ ሥዕሎቹን ከእርሱ በሽቦ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ ግድግዳውን ደጋግሞ ከመብሳትም ያድናል።

በክረምት ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ከውስጥም ይረጥባል። ሥዕሉ ተጣብቆ ከተሰቀለ በጀርባው ሻጋታ ያበቅላል። በታችኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሽ ወይም ጎማ ቢለጠፍ አየር ያልፋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የብራና ወይም የፍየል ቆዳ ሥዕል ጨርሶ አይሰቀልም፤ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙ አብሮት ስለማይሄድ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። የተጣመመ ብራና በካውያ አይተኮስም፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣም፣ በኮላ ከኮምፔንሳቶ ጋር አይለጠፍም።

የከተማዋ ፀሐይ ከፍታዋን ያህል ብርቱ ነው። በውሃ ቀለም የተሠራ ሥዕል፣ ኅትመትና ፎቶግራፍ ቀጥተኛ ብርሃን በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከዋሉ ይደበዝዛሉ፤ የደበዘዘውን የሚመልስ ሙያ የለም። የዘይት ቀለምና አክሪሊክ ይበልጥ ይችላሉ።

ከፀሐይ ቀጥሎ የሚያስቸግረው ጭስ ነው። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ቅባት አለው፤ የዕጣኑ ጥቀርሻ ሲጨመርበት ሥዕሉ ላይ ቢጫ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ አቧራም በላዩ ይጣበቃል። ረከቦቱን ከሥዕል ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅና መስኮት መክፈት ይበቃል። ሽፋኑ አንዴ ከያዘ በእርጥብ ጨርቅ፣ በሎሚም ሆነ በዳቦ መወልወል ጉዳቱን ያብሳል። በተለይ በባህላዊ ሥዕሎች ላይ ቀለሙን የያዘው ሙጫ ውሃ ሲነካው ስለሚሟሟ መስመሩ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል። በቤት የሚፈቀደው ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው፤ የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው።

ፍሬም ሲታዘዝ እንጨቱ በደንብ መድረቁን ማረጋገጥ ይገባል። እርጥበቱ ያልወጣ ባሕር ዛፍ በመጀመሪያው በጋ ይጣመምና ሸራውን አዙሮ ያሸበሽበዋል። ከፍሬሙ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከታየ ነፍሳት እየበሉት ነው፤ ሥዕሉን በዚያው ቀን አውርዶ ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል።

መዝገብና ጉዞ

ያልተመዘገበ ስብስብ ባለቤቱ ሲያልፍ ማንነቱን ያጣል። ለእያንዳንዱ ሥራ የሠዓሊው ሙሉ ስም፣ ርእሱ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ልኩ ከቁመት ጀምሮ፣ የተሠራበት ቁስና ከማን እንደተገዛ ይጻፋል፤ የፊቱ፣ የጀርባውና የፊርማው ፎቶ አብሮ ይቀመጣል። በሸራው ጀርባ በእስክሪብቶ መጻፍ ቀለሙ ወደ ፊት እንዲዘልቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በእርሳስ ከእንጨቱ ላይ መጻፍ ይሻላል። የዘመን አቆጣጠሩን መግለጽ ግዴታ ነው። ሸራ ላይ 1958 የሚል ቁጥር ብቻ ካለ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ፣ ሠዓሊው ገና ተማሪ ነበር ወይስ ተመርቋል የሚለው ጥያቄ በዚያ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሥዕል ወደ ውጭ ሲላክ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ስፋቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠንካራ ቱቦ ላይ ይጠቀለላል። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ስለሚጨማደድ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ቀለሙን እንዳይነካ በመካከል ንጹሕ ወረቀት ይግባ፤ አክሪሊክ ሲሞቅ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም ይመዘገባል። በዚህ ምክንያት አዲስ ሥዕል የያዘ መንገደኛም ቢሆን ሥራው ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ የሠዓሊው ወይም የጋለሪው ደረሰኝ አብሮ ሲቀርብ ጉዳዩ ይቀላል።