ኢንታንግልመንት ስለበዛ ብቻ ስሌት አይከብድም

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የፊዚክስ ማስተርስ ርዕስ በሚመረጥበት ሰሞን አንድ አባባል ከአፍ አይጠፋም፦ «ኢንታንግልመንቱ ብዙ ነው፤ በተራ ኮምፒውተር አይሰላም።» ኢንታንግልመንት የኳንተም ክፍሎች ለየብቻ ሊገለጹ በማይችሉበት መንገድ መቆራኘታቸው ነው። አባባሉ ግን ስህተት ነው፤ ተማሪውንም ሊሠራው ከሚችለው ሥራ ያስቀረዋል።

ስለ ኢንታንግልመንት የሚነገሩ ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ እንለፋቸው። ኢንታንግልመንት ከብርሃን ቀድሞ መልእክት አያደርስም። ሁሉም ኪዩቢት (የኳንተም ቢት) ከሁሉም ጋር እስከ መጨረሻው አይቆራኝም፤ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ከተቆራኙ ለሦስተኛው የሚተርፍ የለም።

ዋናው ይኸውላችሁ። የ1000 ኪዩቢት ሰርኪውት ከዜሮ ተነስቶ በሃዳማርድ፣ በፌዝና በሲኖት ጌቶች (በኪዩቢት ላይ የሚሠሩ መሠረታዊ ክንውኖች) ብቻ ከተሠራ ኢንታንግልመንቱ ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ሆኖም በጎተስማንና ኒል ቲዎረም መሠረት ሁኔታውን ለመያዝ 4 ሚሊዮን ቢት ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ሜጋባይት ይበቃል። አሮጌ ላፕቶፕም ይሠራዋል! ጣጣው የሚመጣው ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ የሆነው ቲ ጌት ሲገባ ነው፦ እስካሁን በምናውቃቸው ዘዴዎች ወጪው በቲ ጌቶቹ ብዛት በኤክስፖነንሺያል ያድጋል። ውስብስብነትን መቆጣጠር የፈለገ ቲ ጌቶቹንም ይቁጠር።

እውነት የሆነው ተቃራኒው ነው። ስፒኖቹ (እንደ ኪዩቢት ሁለት ሁኔታ ያላቸው ቅንጣቶች) በመስመር ከተደረደሩና ኢንታንግልመንቱ ትንሽ ከሆነ ስሌቱ ይቀላል። የ30 ስፒን ሙሉ ቬክተር 17 ጊጋባይት፣ የ50 ደግሞ 18 ፔታባይት ይፈልጋል። ማትሪክስ ፕሮዳክት ስቴት (ሁኔታውን በትንንሽ ማትሪክሶች ሰንሰለት የሚጽፍ ዘዴ) ግን ቦንድ ዳይሜንሽኑ (የማትሪክሶቹ መጠን) 100 ሲሆን 100 ስፒኖችን በ32 ሜጋባይት ይይዛል። ስቲቨን ዋይት በ1992 ያቀረበው ዲኤምአርጂ የተባለ የስሌት ዘዴ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የኢነርጂ ክፍተት ባለው የአንድ ዳይሜንሽን ሲስተም ግራውንድ ስቴት (ዝቅተኛው ኢነርጂ ያለው ሁኔታ) ላይ ኢንታንግልመንቱ በርዝመቱ ልክ እንደማያድግ የፊዚክስ ተመራማሪው ሄስቲንግስ በ2007 አረጋግጧል። ጣናን ለሁለት ብንከፍለው የምንለካው የመክፈያውን መስመር እንጂ የውሃውን ስፋት እንዳልሆነ ማለት ነው።

በዲኤምአርጂ ስሌት «ኢነርጂው መቀነስ ካቆመ ውጤቱ ደርሷል» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ስሌቱ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሳይት (የአንድ ስፒን ቦታ) ብቻ ማሻሻል ለዚህ ያጋልጣል፤ በሁለት ሳይት ጀምሩ። ቦንድ ዳይሜንሽኑን 50፣ 100፣ 200፣ 400 እያደረጋችሁ ኢነርጂውን ከመቁረጥ ስህተቱ (ማትሪክሱ ሲቆረጥ ከሚጣለው ክፍል) አንጻር በግራፍ ሳሉት፤ የኢነርጂውንም ቫሪያንስ (የመዋዠቁን መጠን) አስሉ። ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ገና ነው።

ሃሚልቶኒያኑ (የሲስተሙን ኢነርጂ የሚገልጸው ቀመር) በድንገት ተቀይሮ የጊዜ ለውጥ ስትከታተሉ ደግሞ ኢንታንግልመንቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓቱ ጋር እኩል ይጨምራል። አንድ ቢት በጨመረ ቁጥር ቦንድ ዳይሜንሽኑ በግምት እጥፍ፣ የስሌቱ ጊዜ 8 እጥፍ ይሆናል። እዚያ ላይ ሜሞሪ መግዛት ብዙም አያራምድም። የምትፈልጉትን መጠን በአጭር ጊዜ ውስጥ ለኩ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ስቴቱን በየደረጃው ዲስክ ላይ አስቀምጡ።