«ፖቨርቲ ሮው» ምንድን ነው?

ቃል በቃል ሲፈታ «የድህነት መደዳ» ማለት ነው። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሆሊውድ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀን ፊልም ይሠሩ ለነበሩ ትናንሽ ኩባንያዎች የወጣ የፌዝ ቅጽል ስም ነው። ብዙዎቹ ቢሮ የሚከራዩት የሰንሴትና የጋወር ጎዳናዎች በሚገናኙበት አካባቢ ነበር። የእለት ሥራ የሚፈልጉ ካውቦዮች የራሳቸውን ባርኔጣና ቦት ጫማ አድርገው እዚያው ማዕዘን ላይ ይቆሙ ስለነበር ቦታው «የጋወር ሸለቆ» ተባለ። ልብሱን ለብሶ የሚመጣ ተዋናይ ለፕሮዲውሰሩ የመጀመሪያው ቁጠባ ነው። ኋላ ግን ስሙ ከሰፈሩ ተላቅቆ የአሠራሩ መጠሪያ ሆነ።

ፊልሞቹ ርካሽ የሆኑት ሠሪዎቹ ችሎታ ስላነሳቸው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ነገሩ የሒሳብ ነው ባይ ነኝ። ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች የራሳቸው ሲኒማ ቤቶች ነበሯቸው፤ ፊልሙ ከተወደደ ከትኬቱ ገቢ ይካፈላሉ። ትንሹ ፕሮዲውሰር ሲኒማ ቤት የለውም። ፊልሙን የማሳየት መብት በየክፍለ ሀገሩ ላሉ አከፋፋዮች በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሲኒማ ቤቶች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ሲጀምሩ ገበያው ደራለት፤ ሁለተኛው ፊልም የሚከራየው ግን አሁንም በቁርጥ ነው። ተመልካቹ ቢያጨበጭብም ቢያዛጋም የሚገባው ገንዘብ ያው ነው። ስለዚህ ትርፍ ከወጪ ቅነሳ እንጂ ከጥራት አይገኝም።

ናት ሌቪን ይህን ሒሳብ አሳምሮ ያውቅ ነበር። የሲኒማ ባለሀብቱ የማርከስ ሎው ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በ1927 ማስኮት የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚታይባቸውን ተከታታይ ፊልሞች ዋና ሥራው አደረገ። ብዙዎቹ 12 ክፍል ነበራቸው። ጀግናው በገደል አፋፍ ተንጠልጥሎ ክፍሉ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ሳምንት የሚጀምረው ያንኑ ትዕይንት በመድገም ነው። አንዴ የተቀረጸ ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው። አንዳንዴም ባለታሪኮቹ ተቀምጠው ያለፈውን «ሲያስታውሱ» አሮጌው ቀረጻ እንደገና ይታያል። በዚህ ዓይነት ሥራ የሌሊት ትዕይንት ሳይቀር በጠራራ ፀሐይ ሌንስ አጨልሞ ይቀረጽ ነበር። ጆን ዌይን በ1930 የተወነበት ትልቅ ፊልም ሳይሳካ ሲቀር በ1932 ወደ ሌቪን መጣ። ጂን ኦትሪም በመሪ ተዋናይነት የጀመረው በ1935 በዚሁ ቤት ነው፤ ከመሬት በታች ካለ መንግሥት ጋር የሚጋጭ ዘፋኝ ካውቦይ ሆኖ፣ ሮቦቶች ጭምር ባሉበት።

የእነዚህ ሰዎች ጌታ በስተመጨረሻ ተመልካቹ ሳይሆን ፊልም የሚያጥበው ላብራቶሪ ነበር። በዱቤ ታጥቦ በዱቤ ቅጂ የሚባዛለት ፕሮዲውሰር የላብራቶሪው ባለዕዳ ነው። የኮንሶሊዴትድ ላብራቶሪ ባለቤት ኸርበርት ዬትስ በ1935 ይህን ጉልበት ተጠቅሞ ማስኮትን፣ ሞኖግራም የተባለውን ትንሽ የፊልም ኩባንያና ሌሎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ሪፐብሊክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ሌቪን ብዙም ሳይቆይ ወጣ። የሞኖግራም ሰዎችም ተለይተው ኩባንያቸውን እንደገና ከፈቱ።

ከመደዳው ወጥቶ ታላቅ የሆነ ኩባንያም ነበር፤ ኮሎምቢያ። ሲጀምር ሲ ቢ ሲ ይባል ነበር፤ የሦስቱ መሥራቾች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሹፈኞች ግን ፊደላቱን «ኮርንድ ቢፍ ኤንድ ካቤጅ» (በጨው የታሸ ሥጋና ጥቅል ጎመን)፣ የርካሽ ምሳ ስም አደረጓቸው። በ1924 ስሙ ተለወጠ። ሳም ኒውፊልድ የተባለው ዳይሬክተር ደግሞ ፒ አር ሲ ለተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ፊልሞች ከመብዛታቸው የተነሳ በሁለት ሌሎች ስሞችም ይፈርም ነበር።

ቴሌቪዥን ሲስፋፋ የሁለተኛው ፊልም ገበያ ሞተ። ሞኖግራምም የርካሽ ፊልም ሽታ ያለውን ስሙን በ1953 ጥሎ አላይድ አርቲስትስ ተባለ። በ1960 ፈረንሳዊው ዣን ሉክ ጎዳር የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲያወጣ መታሰቢያነቱን ለሞኖግራም አደረገ፤ በተጣለው ስም።