የዘር መድልዎን ያጋለጠ ካርታ፦ ጂኦግራፊና የአሜሪካ ከተሞች

የጂኦግራፊ ሙያ ለዘር ፍትሕ ምን ሊያበረክት እንደሚችል ለመረዳት የአሜሪካ ከተሞች ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው፤ በእነዚህ ከተሞች ካርታ በመጀመሪያ የመድልዎ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የተባለ የፌዴራል መንግሥት ተቋም ከ200 በላይ ከተሞችን በየሰፈሩ ደረጃ ሲያወጣላቸው፣ አስተማማኝ ያላቸውን በአረንጓዴ፣ ተከታዮቹን በሰማያዊና በቢጫ፣ ለብድር አስጊ ናቸው ያላቸውን ደግሞ በቀይ ቀለም ለየ። የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች በአብዛኛው ከቀዩ ክልል ውስጥ ገቡ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለእነዚህ አካባቢዎች የቤት ብድር ዋስትና ይነፍግ ነበር። በዲትሮይት፣ በ1941፣ ለነጮች መንደር ሊሠራ የተነሣ አንድ አልሚ ቦታው ከጥቁሮች ሰፈር ጋር በመዋሰኑ ዋስትና ቢከለከል፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ የሆነ የኮንክሪት ግንብ በሁለቱ መካከል አቆመ፤ ዋስትናውም ተፈቀደለት። ግንቡ ዛሬም አልፈረሰም።

በዚያችው ከተማ፣ ጥቁር ነዋሪዎች ከፖሊስ ጋር ከተጋጩበት የ1967ቱ ሕዝባዊ አመፅ ማግስት፣ የጂኦግራፊ ምሁሩ ዊልያም በንጊና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረችው የሰፈር አስተባባሪ ግዌንዶሊን ዋረን የዲትሮይት የጂኦግራፊ ጉዞና ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ቀድሞ ወደ ሩቅ አገር ይደረግ የነበረውን የአሰሳ ጉዞ ወደ ገዛ ከተማቸው አዙረው፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው መረጃ ሰብሳቢና ካርታ ሠሪ እንዲሆኑ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነፃ አመቻቹላቸው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ልብ የሚነካው፣ ሀብታም ነጮች ከሚኖሩባቸው የከተማ ዳርቻዎች ወደ መሐል ከተማ በሚያመሩት መንገዶች ላይ በመኪና የተገጩ ጥቁር ሕፃናትን በነጥብ የሚያሳየው ካርታ ነው። የትኛው ሕፃን የት፣ በስንት ሰዓትና በማን እንደተገጨ ለማወቅ ቡድኑ የፖሊስን መዝገብ ማግኘት ስለተሳነው የፖለቲካ ሰዎችን አማላጅ ማድረግ ነበረበት። ለየብቻው ሲታይ ተራ የትራፊክ አደጋ የሚመስለው ሞት፣ ነጥቦቹ በአንድ መንገድ ላይ ሲደረደሩ ከመንገዱ አሠራርና ከአሽከርካሪዎቹ ማንነት ጋር ያለው ዝምድና ወለል ብሎ ይታያል። የጂኦግራፊ ትልቁ አቅም፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው።

በሰፈር ቤት ሲሸጥና ሲከራይ ዘር እየተለየ እንዳይከለከል የደነገገው ሕግ በ1968 ቢወጣም፣ የቀለሞቹ ጠባሳ ከመሬቱ አልጠፋም። የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮዎቹን ካርታዎች በዲጂታል መልክ ለሕዝብ ክፍት ካደረጉ በኋላ፣ ሌሎች ምሁራን በሳተላይት ከተለካ የምድር ገጽ ሙቀት ጋር ሊያነጻጽሯቸው ችለዋል። በ2020 የታተመና 108 ከተሞችን የመረመረ ጥናት፣ በቀይ የተቀቡት ሰፈሮች ቀይ ካልተቀቡት በአማካይ 2.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚሞቁ አሳይቷል፤ ዛፍ ሲያንስባቸው አስፋልትና ኮንክሪት ይበዛባቸዋል። እንዲህ ያለው ማስረጃ ዛፍ የት ቀድሞ መተከል እንዳለበትና የበጋው ሙቀት ሲበረታ የትኞቹ አረጋውያን ቀድመው መጎብኘት እንዳለባቸው ለሚወስኑ የከተማ አስተዳደሮች ሰፈሩን ለይቶ ይጠቁማል።