ኤድዋርድ ግሬግር፦ ሕክምናን ትቶ ፖለቲካ የገባው ቼካዊ

ኤድዋርድ ግሬግር (እ.ኤ.አ. 1827–1907) በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው ቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ምዕራባዊ ክፍል) «ወጣት ቼኮች» የተባለውን ፓርቲ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነው። የተወለደው በላይኛው ኦስትሪያ፣ ሽታየር ከተማ ውስጥ ሲሆን ሕክምና የተማረው ግን ፕራግ ነው። እዚያም የታዋቂው የፊዚዮሎጂ ሊቅ የያን ኤቫንጌሊስታ ፑርኪንዬ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ፑርኪንዬ ሳይንስ በቼክ ቋንቋም እንዲጻፍ አጥብቆ የሚሟገት ሰው ስለነበር፣ ረዳቱ ወደ ፖለቲካ ማዘንበሉ ብዙም አያስገርምም።

በ1860 የቪየናው ፍጹማዊ አገዛዝ ሲላላ መንገዱ ተከፈተ። በማግስቱ ዓመት ታናሽ ወንድሙ ዩሊየስ «ናሮድኒ ሊስቲ» የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ኤድዋርድም የቦሄሚያ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ አንዱ በብዕር፣ ሌላው በአንደበት ተደጋግፈው ዘለቁ።

የጊዜው የቼክ መሪዎች፣ የታሪክ ጸሐፊው ፓላትስኪና አማቹ ሪገር፣ በባላባቶች ድጋፍ የሚተማመኑ ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። በ1863 ፖላንዶች በሩሲያ ላይ ሲያምፁ የግሬግር ወንድማማቾች ከአመፀኞቹ ጎን መቆማቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ያለያያቸው ጀመር። ዋናው ጠብ ግን የመጣው በኋላ ነው። በ1867 ሃንጋሪዎች የራሳቸውን መንግሥት ሲያገኙ ቼኮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ መሪዎቻቸውም አኩርፈው ከምክር ቤት ቀሩ። ኩርፊያው ዓመታት ቢያስቆጥርም ቪየናን ንቅንቅ አላደረጋትም። በ1874 ግሬግርን ጨምሮ ሰባት ተወካዮች አድማውን ሰብረው ወደ ቦሄሚያ ምክር ቤት ተመለሱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አዲሱ ፓርቲ ተቋቋመ።

ግሬግር በ1880ዎቹ ወደ ቪየና ፓርላማም ገባ። የካህናትንና የባላባቶችን ተጽዕኖ የሚነቅፍ፣ ንግግሩ የሚያቃጥል ሰው ነበር። ይሁንና ፓርቲውን ያሳደገው የእሱ አንደበት ብቻ አይደለም፤ በ1882 ለመራጭነት የሚያበቃው የግብር መጠን ከ10 ወደ 5 ጉልደን (የጊዜው የኦስትሪያ ገንዘብ) በመውረዱ ብዙ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። የሪገር ወገን ከመንግሥት የሚጣልለትን ፍርፋሪ ይለቅማል የሚለው ፌዝ የተመቻቸውም ለእነዚህ ነበር። በ1890 ሽማግሌዎቹ፣ እነ ሪገር፣ ወጣት ቼኮችን ወደ ጎን ትተው ከቦሄሚያ ጀርመኖች ጋር ሲስማሙ ቁጣው ገነፈለ። በ1891ዱ የፓርላማ ምርጫ ወጣት ቼኮች በቦሄሚያ ተቀናቃኞቻቸውን ጠራርገው አስወጡ።

ድሉ ግን ለግሬግር ብዙም አልተመቸውም። ተፈጥሮው የተቃዋሚ ነበር፤ ከመንግሥት ጋር መደራደር የሚችሉት እንደ ዮሴፍ ካይዝል ያሉት ሰዎች ፓርቲውን ተረከቡ፤ ካይዝልም በ1898 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ግሬግር ሚያዝያ 1 ቀን 1907 ሽቴኒ በተባለች መንደር ሞተ። በቀጣዩ ወር ኦስትሪያ ለወንዶች ሁሉ እኩል ድምፅ የሰጠውን የመጀመሪያ የፓርላማ ምርጫ ስታካሂድ፣ በቼኮች ዘንድ የገበሬዎቹ ፓርቲና ሶሻል ዴሞክራቶች ወጣት ቼኮችን ቀደሟቸው።