የአሮጌ ቮልስ መስታወት ጎማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ውሃ ካስገባ ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባት ነው።»

ክረምት በገባ ቁጥር የሚሰማው፣ ቮልስንም ይበልጥ የሚጎዳው ምክር ይሄ ነው። የቮልስ ጎማ በአንድ ጎኑ መስታወቱን፣ በሌላው የላሜራውን ጠርዝ ነክሶ ይይዛል እንጂ በማጣበቂያ የሚቆም አይደለም። ሲሊኮኑ የላዩን ስንጥቅ ቢደፍነውም ቀድሞ የገባው ውሃ ከጎማው ሥር መውጫ ያጣል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ፣ ቀለሙ የተላጠ ብረት ካገኘ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ብዙ ጊዜ መስታወቱ ሲወጣ የታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ተበልተው ይገኛሉ። እዚህ ላይ ሥራው ወደ ባትላሜራ ይዞራል። ዝገቱ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። በስቱኮ ሞልቶ ማለፍም አያዋጣም፤ ጠርዙ ከወፈረ ጎማው አይነክሰውም።

«የቮልስ ጎማ ሁሉ አንድ ነው።»

ሻጩ እንዲህ ካለዎት አይመኑት። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1953 መጀመሪያ የኋላው መስታወት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ቀጥሎ ሞላላ ሆነ፤ በ1958 ሞዴል ሰፋ። በ1965 ሞዴል በጀርመን የሚሠራው ቮልስ መስታወቶች በሙሉ ሰፉ፣ በ1972 የኋላው እንደገና ጨመረ። የብራዚሉ ግን በትንንሾቹ መስታወቶች ስለቀጠለ ዓመቱን ብቻ ማወቅ አይበቃም። የሚሻለው አሮጌውን ጎማ ይዞ መሄድ ነው። ለጌጡ፣ ማለትም ጎማው ላይ ዙሪያውን ለሚገባው የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር፣ የሚሆን ቦይ ያለው መሆኑንም አብረው ይዩ፤ ቦይ የሌለው ጎማ ጌጥ አይቀበልም።

«ጌጡ መጨረሻ ላይ ይገባል።»

መስታወቱ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ቦዩ ይጨናነቃል፣ ጌጡም ይጣመማል። መጀመሪያ ጎማውን መስታወቱ ላይ፣ ከዚያ ጌጡን ጎማው ውስጥ ያስገቡ። ቀጥሎ ላሜራውን በሚነክሰው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ ያስገቡና ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ ያሳልፉ። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ቀስ ብሎ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ የጎማው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ይገባል። ካቻቢቴ ይዞ መታገል ጎማ መቅደድ፣ ከባሰም መስታወት መስበር ነው።

«ክሮም ስለሆነ በብረት ሱፍ ይጸዳል።»

የብዙዎቹ ጌጥ አሉሚኒየም ነው። ስስ መከላከያ ሽፋኑ ከተፋቀ ይደበዝዛል።

«ጎማው እንዲንሸራተት ዘይት ወይም ግሪስ።»

ሁለቱም ጎማውን ያሳብጡታል። የሳሙና ውሃ ይበቃል።

«በር ውስጥ ውሃ መግባት የለበትም።»

ይገባል፣ መግባቱም ችግር የለውም። መስታወቱ የሚወርድበት ክፍተት ላይ ያለው ጎማ አብዛኛውን ውሃ ቢመልስም ሁሉንም አያግድም። የተረፈው በሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ያለው ላስቲክ ደግሞ ወደ ወለሉ እንዳያልፍ ይከላከላል። መኪና ሲቀባ ቀዳዳዎቹ በቀለም ይደፈናሉ፣ ላስቲኩም ተቀዶ ይጣላል፤ ከዚያ ምንጣፉ ሲርስ የፊት መስታወቱ ጎማ ይወቀሳል። ስለዚህ የፊቱን ጎማ ከማስፈታትዎ በፊት እነዚያን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይሞክሯቸው።