«ውሃ አይገባውም፣ ወድቆ አይሰበርም»፦ ስለ ራግድ ስልክ የምሰማቸው ወሬዎችና እውነታው

ከደሴ ኮምቦልቻ የምመላለሰው ጡብ የሚያክል ስልክ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ሐረጎን ስንወርድ ሚኒባሱ በተጠማዘዘ ቁጥር ጭኔን ይመታኛል። ያየው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይሄ ውሃ የማይገባው ነው አይደል? ልግዛው እንዴ?»

ሻጮች «ራግድ» ይሉታል። ጎማና ብረት የለበሰ፣ ጥግ ጥጉ የወፈረ፣ ብዙ ጊዜ ባትሪው ትልቅ የሆነ ስልክ ማለት ነው። ኡሌፎን፣ ብላክቪው፣ ዱጂ፣ ኡኪቴል የሚባሉ የቻይና ስሪቶች አሉ፤ ሳምሰንግም ኤክስከቨር የሚለው አለው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ግን ስለሱ ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው፤ የቀረው ደግሞ እውነት ሆኖ «እንዲህ ከሆነ ነው» የሚለው ጅራቱ ተቆርጦ የደረሰን ነው።

«ውሃ አይገባውም»

ይሄን በራሴ ኪስ ነው የተማርኩት። ሐይቅ ከተማ ዓሣ ልንበላ ሄደን ጉራዬ መጣና ስልኩን ውሃ የሞላ ጆግ ውስጥ ነከርኩት። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ሁሌም ሰው ይስቃል፣ እኔም እኮራለሁ። ያን ቀን ሳወጣው የካሜራው መስታወት ከውስጥ ጉም ለብሷል፤ ልክ ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ እንደሚለብሰው። ለካ ከሁለት ወር በፊት ባትሪ ለማስቀየር አስከፍቼው ነበር። ሰሪው ጀርባውን አሙቆ ሲያላቅቅ ውሃ የሚከለክለው ማጣበቂያም አብሮ ይነሳል፤ በአዲስ ማሸጊያ በደንብ ካልተመለሰ ደግሞ ስልኩ ከዚያ ወዲያ መልኩ ብቻ ነው ራግድ። እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አልነገረኝ።

ካርቶኑ ላይ ያለው «አይፒ68» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ቁጥር ነው እንጂ ስልሳ ስምንት አይደለም። 6 አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ነው። 8 ደግሞ ስልኩ ውሃ ውስጥ ተጠልቆ ተፈትኗል ማለት ነው፤ 1 ሜትር ለ30 ደቂቃ ከሚለው ከ7 የከበደ ፈተና። ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ግን አምራቹ ራሱ ነው የሚወስነው። ብዙዎቹ 1.5 ሜትር ለ30 ደቂቃ ይላሉ። ፈተናው የሚደረገው አዲስ ስልክ ላይ፣ በንጹህና በረጋ ውሃ ነው። ኦሞ የተበጠበጠበት የልብስ ውሃ አይደለም። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ የሚያወርደው ድፍርስም አይደለም። የመኪና ማጠቢያ ግፊትም ሌላ ነገር ነው፤ ለሱ «አይፒ69ኬ» የሚባል የተለየ ፈተና አለ፣ 80 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭበት። ስለዚህ መኪና የምታጥቡ ልጆች 68 ብቻ አይታችሁ አትተማመኑ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የቻርጀር ቀዳዳው ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን ስንቱ ሰው «ትረብሸኛለች» ብሎ ቀዳዷታል! ቀዳዳቸው ከውስጥ የታሸገ ስልኮች ክዳን አያስፈልጋቸውም። ሌሎቹ ግን ውሃ የሚከለክሉት በሷው ነው። ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

«ውሃ ከገባው ጤፍ ውስጥ ቅበረው»

አክስቴ ናት። «ልጄ፣ እህል ውሃ ይስባል» ብላ ያን ጉም የለበሰ ስልኬን ከነነፍሱ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ሳወጣው ጉሙ እንዳለ ነው፤ ተጨማሪው ነገር የቻርጀር ቀዳዳው በጤፍ መሞላቱ ነበር። በመርፌ ፍሬ በፍሬ ስለቅም አመሸሁ። ፈረንጆቹም ሩዝ ውስጥ ይቀብራሉ፤ አፕል ራሱ በ2024 (በነሱ አቆጣጠር) ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል ብሏል። አጥፉት፣ ቀዳዳውን ወደታች አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ አስቀምጡት። እስኪደርቅ ቻርጀር ጋር አታገናኙት። እርጥብ ቀዳዳ ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ነው ውስጡ የሚበላው።

«ወታደራዊ ስለሆነ አይሰበርም»

ሻጩ «የአሜሪካ ወታደር የሚይዘው ነው» ሲላችሁ ፈገግ በሉ። «ሚል ስታንዳርድ 810» የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የፈተና መመሪያ ነው። እውነት ነው፣ አለ። ግን ሚኒስቴሩ ስልኩን አይቶ ማኅተም አልመታበትም። አምራቹ ከመመሪያው የፈለገውን ፈተና መርጦ፣ ራሱ ወይም በከፈለው ላብራቶሪ ፈትኖ ይጽፈዋል። አንዱ መውደቅን ብቻ ሊፈትን ይችላል፣ ሌላው ሙቀትና መንቀጥቀጥንም ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

የመውደቁን ፈተና ላሳያችሁ። ስልኩ ከ1.22 ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ ይጣላል፤ በየገጹ፣ በየጠርዙ፣ በየጥጉ። 1.22 ሜትር ሆድና ደረት አካባቢ ነው፣ ቆማችሁ ስትደውሉ ከእጃችሁ ቢያመልጥ ማለት ነው። የሚያርፈው ግን ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ላይ ነው። ደግሞ 26ቱን ውድቀት እስከ አምስት ስልክ ድረስ ማከፋፈል ይፈቀዳል! እና ወንድሞቼ፣ ከምትበር ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ መውደቅ እዚያ መመሪያ ውስጥ የለም።

እንዲያም ሆኖ ከተራ ስልክ ይሻላል ወይ? አዎ፣ በጣም ይሻላል። የኔው ስንቴ ወድቋል፤ የወፈረው ጥጉ መሬቱን ቀድሞ ይመታና ስክሪኑ ይተርፋል። የሚጎዳው በመስታወቱ በኩል ሹል ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ነው። ያን ቀን ጎማው ምንም አያደርግላችሁም።

«ስክሪኑ አይጫርም»

ይጫራል። ጎሪላ ግላስ የሚባለው ጠንካራ የስክሪን መስታወትም ቢሆን ያው መስታወት ነው። ቁልፍና ሳንቲም ብዙም አያደርጉትም፤ ጠላቱ አሸዋ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከመስታወት ይጠነክራል። ከባቲ ገበያ አቧራ ለብሳችሁ ስትመለሱ ስክሪኑን በእጅጌ ፈትጋችሁ የምታጸዱት ከሆነ በአሸዋ ወረቀት እየሞረዳችሁት ነው። መጀመሪያ እፍ በሉት። የ«አይጫርም» ወሬን አምናችሁ መከላከያ መስታወት ሳትለጥፉ እንዳትቀሩ።

«አንዴ ከገዛሁት ጥገና አያስፈልገኝም»

እኔን ከሁሉም የሚያበግነኝ ይሄኛው ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳ ወዳለ ማንኛውም ሞባይል ቤት ግቡና የቴክኖ ወይም የሳምሰንግ ስክሪን ጠይቁ፤ «ኦርጅናል ነው ኮፒ?» ይሏችኋል። የራግድ ስክሪን ስትጠይቁ ግን ሰሪው ስልኩን አገላብጦ አይቶ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ነው የሚለው። ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ እዚያም ከሌለ ከቻይና ይጠበቃል፣ ሲመጣ ደግሞ ዋጋው የስልኩን ሩብ ሊያህል ይችላል። አብሽር፣ አይሰበርም ያላችሁ ሻጭ ያን ጊዜ የለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደምታምኑት ሰሪ ሂዱና «የዚህ ስክሪንና ባትሪ ይገኛል?» በሉት። «የለም» ካለ ሌላ ሞዴል ፈልጉ። ሳምሰንግ ኤክስከቨር 7 ለምሳሌ ባትሪው በእጅ ተነቅሎ የሚቀየር ነው፤ ማሞቅና ማላቀቅ የለም፣ የኔ ዓይነት ጣጣም አይመጣም።

አካሉ ጠንክሮ ውስጡ የሚያረጅበትም ጊዜ አለ። ትንንሾቹ አምራቾች የአንድሮይድ ማሻሻያ ብዙም አይልኩም፤ ከዓመታት በኋላ ስልኩ ጭረት ሳይኖርበት አንዳንድ አፕ «ይህ ስሪት አይደገፍም» ማለት ይጀምራል። አምራቹ ራሱ ሊዘጋም ይችላል፤ ካት (የግንባታ ማሽን አምራቹ ካተርፒላር) የሚል ስም ለብሰው ይወጡ የነበሩትን ስልኮች ያመርት የነበረው የእንግሊዙ ቡሊት ግሩፕ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከስሯል።

«10,000 ባትሪ ስላለው ሳምንት ይቆያል»

10,000 የሚሉት የባትሪውን አቅም ነው፣ በሚሊአምፒር-ሰዓት። ካልነካችሁት ይቆያል። ቲክቶክ ላይ ከዋላችሁ ሁለት ቀን ቢላችሁ አመስግኑ። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ደግሞ ስልኩ ማማውን ለማግኘት ጉልበት ይጨምራል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል። ድላንታ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ቆፋሪ ዘንድ ሄዳችሁ ሲግናል አንዲት ሰረዝ የሆነችበት ገደል ሥር ብትውሉ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ክብደቱንም አስቡት። ተራ ስልክ 200 ግራም ገደማ ነው። ባለ 10,000ው እስከ 400 ይጠጋል፣ ባለ 20,000ው ግማሽ ኪሎ ያልፋል። በቀጭን ሱሪ ኪስ ይዛችሁ ደረጃ ውጡና ንገሩኝ። በ18 ዋት ቻርጀር ባለ 10,000ውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥታ በምትሄድበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል መብራት ሁለት ቀን ስትጠፋ ባትሪ ብርና ወርቅ ነው፤ ቴሌብሩም፣ ባትሪ መብራቱም፣ ሬዲዮውም ያው እሱ ላይ ነው። ወላሂ፣ እኔ ስልኩን የምወደው ለዚህ ብቻ ነው።

«ከተማ ለሚውል ሰው አይሆንም»

ለቆፋሪና ለወታደር ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ባጃጅ ነጂው፣ ግንበኛው፣ ዝናብ ላይ ቆማ በቆሎ የምትጠብሰው ልጅ፣ በዓመት ሦስት ስክሪን የሚሰብር ሰው፣ ሁሉም ከተሜ ናቸው። ቢሮ የምትውሉና ስልካችሁ ከጠረጴዛ ርቆ የማይሄድ ከሆነ ግን በዚያው ብር ካሜራው የተሻለ ተራ ስልክ ግዙ፣ ወፈር ያለ ከቨርና መስታወት አልብሱት፤ ይበቃል።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ሲም አስገቡ፣ 4ጂ ሲያመጣ በዓይናችሁ እዩ፣ አንዴ ደውሉበት። የጎማ ክዳኗን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ ወዲያ ወዲህ በሉ። ሻጩ «ውሃ ውስጥ ልክተተውና ታያላችሁ?» ካለ ግን እምቢ በሉ። ዋስትናው ውሃን የማይሸፍን ከሆነ የሚነግራችሁ ከከተተው በኋላ ነው።