ስለ ባራታናትያም የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባራታናትያም በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት የበቀለ ክላሲካል ዳንስ ነው። ይህን ዳንስ ተምሬ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ከመድረክ አስተዋዋቂዎች፣ ከተማሪ ወላጆችና አንዳንዴም ከሙያ ባልደረቦቼ የምሰማቸው ስሕተቶች እየተደጋገሙ ስላስቸገሩኝ፣ በየጊዜው በቃል ከማረም ይልቅ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሕንድ ዳንስ ማለት በፊልም የምናየው ነው።» አይደለም። የሕንድ ፊልም እያየ ላደገው የአገራችን ተመልካች ሁለቱን ማምታታት የሚጠበቅ ቢሆንም፣ የፊልም ዳንስ ከብዙ ምንጭ የተውጣጣ ድብልቅ ነው። በሕንድ ብሔራዊ የሙዚቃ፣ የዳንስና የድራማ አካዳሚ ክላሲካል ተብለው የታወቁት ስምንት ዳንሶች ሲሆኑ፣ ባራታናትያም ከእነርሱ አንዱ ብቻ ነው።

«የሴቶች ዳንስ ነው።» መድረክ ላይ የሚታዩት ለረጅም ዘመን ሴቶች ነበሩ፤ ዳንሱን የሚያቀናብሩትና በትንንሽ ጸናጽል ምቱን የሚመሩት ናቱቫናር የሚባሉ መምህራን ግን ወንዶች ነበሩ። ዛሬ ወንዶችም ይደንሱታል።

«እያንዳንዱ የእጅ ምልክት አንድ የተወሰነ ትርጉም አለው።» አቢናያ ዳርፓና የተባለው ጥንታዊ መመሪያ 28 የአንድ እጅ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ የመጀመሪያው ፓታካ፣ አራቱ ጣቶች ተዘርግተውና ተጣብቀው አውራ ጣት ሲታጠፍ የሚሠራው፣ እንደ አገባቡ ደመና፣ ጫካ፣ ወንዝ ወይም ክልከላ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙን የሚወስኑት የክንዱ አቅጣጫ፣ የዓይን አመለካከትና የሚዘፈነው ግጥም ናቸው፤ ታሪክ በማይተረክበት ኒሪታ በሚባለው የንጹሕ እንቅስቃሴ ክፍል ደግሞ ያው እጅ ለውበት ብቻ ይዘረጋል።

«አምስት ሺሕ ዓመት ሙሉ ሳይለወጥ ከቤተ መቅደስ የመጣ ነው።» ከሁሉም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የቁጥር ስሕተት ብቻ ሳይሆን ዳንሱን የፈጠሩትንና ጠብቀው ያቆዩትን ሰዎች ከታሪክ የሚሰርዝ ነው። እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው ናትያ ሻስትራ ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት የተዘጋጀ የቴአትር፣ የሙዚቃና የዳንስ ድርሳን ሲሆን፣ ሌሎቹም የሕንድ ክላሲካል ዳንሶች የሚጠቅሱት የጋራ ምንጭ እንጂ የባራታናትያም መማሪያ አይደለም። በቺዳምባራም ቤተ መቅደስ በሮች ላይ የተቀረጹት 108 የዳንስ አቋቋሞችም ቢሆኑ፣ ተማሪዎቻችን በየቀኑ ከሚለማመዷቸው አዳቩ ከሚባሉት መሠረታዊ እርምጃዎች ጋር አንድ አይደሉም።

ሴቶች በቤተ መቅደስ ማገልገላቸው ግን የተረጋገጠ ነው። ንጉሥ ራጃራጃ ቾላ በ1010 አካባቢ በታንጃቩር ባስፈጸመው ታላቅ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ለአገልግሎት የመጡ 400 ሴቶችን ስምና የተሰጣቸውን ቤት ይዘረዝራል፤ እንዴት እንደደነሱ ግን አይናገርም። ዛሬ በመድረክ የምናየው ቅደም ተከተል፣ አላሪፑ በሚባለው አጭር መግቢያ ተከፍቶ፣ ቫርናም በሚባለው ረጅም ክፍል ከፍታው ላይ ደርሶ፣ ቲላና በሚባለው ፈጣን የንጹሕ እንቅስቃሴ ክፍል የሚዘጋው፣ የተደራጀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ባገለገሉት ቺናያ፣ ፖናያ፣ ሲቫናንዳምና ቫዲቬሉ በተባሉ አራት ወንድማማቾች ነው። ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም።

ከዚያም በኋላ ቢሆን መለወጡ አልቆመም። ዳንሱ ሳዲር ይባል በነበረበት ዘመን፣ ከ1890ዎቹ ጀምሮ በዴቫዳሲዎች፣ ማለትም ለቤተ መቅደስ በሚሰጡት ሴቶች፣ ልማድ ላይ ዘመቻ ተከፈተ፤ በ1947 ልማዱ በማድራስ በሕግ ተከለከለ። በዚህ መካከል፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የማድራስ የሙዚቃ አካዳሚ ባራታናትያም የሚለውን ስም አጸደቀ። ዳንሰኛዋ ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል በ1935 ራሳቸው መድረክ ላይ ወጡ፤ በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ተቋም መሠረቱ፤ አልባሳቱን አሻሻሉ፣ ከዳንሰኛዋ ኋላ ቆመው ይከተሏት የነበሩትን ሙዚቀኞች በመድረኩ ጎን አስቀመጡ። ዳንሱ በዚህ መልክ ክብር ሲያገኝ፣ ለትውልድ ይዘውት የቆዩት ቤተሰቦች ግን መድረኩንም እንጀራቸውንም አጡ። «ሳይለወጥ ኖረ» የሚል ሰው ይህን ሁሉ እንዳልነበረ ያደርጋል።

ቀድሞ ማድራስ ትባል በነበረችው ቼናይ በተማርሁበት ወቅት ከእነዚህ ቤተሰቦች የተወለዱ አንዲት አዛውንት ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ አንድ ፓዳም፣ ማለትም ዝግ ያለ የፍቅር መዝሙር፣ አሳይተውናል። ዘግይቶ የመጣውን ወዳጅ «የት ነበርህ?» የምትለውን አንዲት ስንኝ ደጋግመው እየዘፈኑ፣ አንዴ በቅናት፣ አንዴ በመታከት፣ አንዴም መልሱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አድርገው አቀረቧት። ያን ዓይነት ዕውቀት ከድንጋይ ቅርጽ አይቀዳም።

ያ መዝሙር «ባራታናትያም ጸሎት ብቻ ነው» ለሚሉትም መልስ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ክሼትራያ በደቡብ ሕንዱ የቴሉጉ ቋንቋ የደረሳቸው ፓዳሞች ስለ ሥጋዊ ፍቅር በግልጽ ይናገራሉ፤ ወዳጁ አምላክ ቢሆንም እንኳ ሴቲቱ እንደ ሰው ትወቅሰዋለች። ከዴቫዳሲ ቤተሰብ የተወለዱት ታላቋ ዳንሰኛ ባላሳራስዋቲ የፍቅር ስሜት ከዳንሱ ተለይቶ እንዳይወጣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟግተዋል።

«ንጹሑ ስልት የእኛ ነው» የሚለው ክርክርም ፍሬ የለውም። ከዳንሱ ስልቶች መካከል ፓንዳናሉር ጥርት ባሉ መስመሮቹ፣ ቫዙቩር በለስላሳነቱና በአቋቋሙ ውበት፣ ካላክሼትራ በተመጠነና በተስተካከለ እንቅስቃሴው ይታወቃሉ። ሆኖም ሩክሚኒ ዴቪ ራሳቸው የፓንዳናሉሩን መምህር ሚናክሺ ሱንዳራም ፒላይን ተከትለው የተማሩ ናቸው፤ ስልቶቹ ይዛመዳሉ።

ልጃቸውን ለማስመዝገብ የሚመጡ ወላጆች ደግሞ «በስድስት ወር መድረክ ትወጣለች?» ይሉኛል። አራንጌትራም የሚባለው የመጀመሪያ ሙሉ ትርዒት ዓመታት ይፈልጋል፤ አራማንዲ፣ ማለትም ጉልበትን ወደ ጎን ከፍቶ በግማሽ መቀመጥ፣ ሳይጸና እግር መምታት ጉልበትን ይጎዳል። ስለዚህ መምህር ስትመርጡ ከማን እንደተማሩ ጠይቁ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነም ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ የልጅቱ ጉልበት ከእግር ጣቶቿ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል የማያርም መምህር ካያችሁም በዚያው ቀን አስወጧት።